የልብ ዕዳ በሳንባ ትከሻ

በ1888 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው ዓድዋ ነበሩ። የተነሡባት መናገሻ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው፣ እሳቸው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ያሏት ከተማ ናት። በዚያ ጦርነት እጁን ወይም እግሩን የተመታ ሰው የመትረፍ ተስፋ ነበረው፤ ወጌሻ አለ፣ ቁስል አጥቦ የሚያስር አለ። ደረቱን የተበሳ ሰው ግን በጎጃምም ይሁን በአውሮፓ ከተሞች የሚደርስለት ሐኪም አልነበረም። የሚገድለው ደግሞ የደም መፍሰስ ብቻ አይደለም። ደረት ሲበሳ የውጭው አየር ይገባና ሳንባ ይሟሽሻል፤ ቁስለኛው ደሙ ሳያልቅ ትንፋሹ ያልቃል።

ያው ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ በጳጉሜን፣ ሉድቪግ ሬን ለተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ፍራንክፈርት ላይ ልቡን በስለት የተወጋ ወጣት አመጡለት። ደረቱን ከፍቶ የሚደማውን ልብ በስፌት ዘጋው። ወጣቱም ዳነ። የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው ይባላል። እኔ ግን ከ8 ዓመት በኋላ ብሬስላው ላይ ከተደረገው ብጀምር እመርጣለሁ። ፈርዲናንድ ሳወርብሩክ የሚባል ወጣት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1904 የአየር ግፊቷ ከውጭው ያነሰ አንዲት ክፍል ሠራ። ሐኪሞቹና የበሽተኛው ገላ ከውስጥ ሆኑ፤ የበሽተኛው ጭንቅላት ደግሞ በቀዳዳ ወጥቶ ከውጭ ቀረ። ደረቱ ሲከፈት ሳንባው እንደተነፋ ቆየ። ልብ ዘንድ መድረስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሳንባን ማስፈቀድ እንዳለበት የታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በሙሉ፣ እንደ እኔ እይታ፣ ይህ ፈቃድ በየዘመኑ በአዲስ መልክ ሲጠየቅና ሲነፈግ የኖረበት ታሪክ ነው።

በእነዚያ ዓመታት በጎጃም ደጋ ልብን የሚያበላሸው ጦር ሳይሆን ጉሮሮ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ብዙም አልተለወጠም። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው፣ ምራቅ መዋጥ ሲያቅተው፣ «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና አዋቂ ይጠራል፤ እንጥል ይቆረጣል ወይም ቶንሲሉ በጣት ይፈርጣል። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲተው ቆራጩ ይመሰገናል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ ግን ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ሰውነት ተሕዋሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ዞሮ የገዛ ልቡን ያጠቃል። መጋጠሚያ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ይሄዳል። ዓመታት ካለፉ በኋላ በግራው ልብ መግቢያ ያለው በር፣ ሐኪሞች ሚትራል የሚሉት ቫልቭ፣ ጠባሳ ይዞ ይጠብባል። ይህ በሽታ የብርድ ሳይሆን የመጠጋጋት በሽታ ነው፤ ሰው በጠባብ ቤት ተጠጋግቶ በሚያድርበት ሁሉ ይራባል። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን፣ ዋሸራን በመሰሉ የቅኔ አድባራት ዙሪያ የቆሎ ተማሪዎች በአንዲት ጎጆ ስንት ሆነው እንደሚያድሩ የሚያውቅ ሰው፣ አንዱ ያሳለው ጉንፋን ሌሊቱን የት የት እንደሚደርስ ለመገመት አይቸገርም።

በሩ ሲጠብ ደም ወደ ኋላ ይቆማል። ከልብ ኋላ ያለው ደግሞ ሳንባ ነው። እናም የልብ በሽተኛው መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ልቡ አይደለም፤ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌሊት ተጋድሞ መተኛት ያቅተዋል፣ ያስለዋል፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ አክታ ይወጣዋል። አገሩ ዳገት ነው፤ ቤቱ የኩበትና የእንጨት ጭስ አለበት፤ ስለዚህ ምልክቱ በደጋው ኑሮ ውስጥ ተሸሽጎ ይከርማል። አንዳንዱ ነቀርሳ ነው ተብሎ መድኃኒት ይጀምራል፤ አንዳንዱ ጠበል ይወሰዳል። ሴት ከሆነች ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ስታረግዝ ነው፤ እርግዝና የደሙን መጠን ሲጨምረው ጠባቡ በር አይችለውምና።

እ.ኤ.አ. በ1925 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሱታር የአንዲት ወጣት ሴት ልብ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ ጣቱን አስገባ፤ የጠበበውን ሚትራል በጣቱ ፈተሸው፣ አሰፋው። ልጅቱ ተረፈች። የሙያ ባልደረቦቹ ግን ሁለተኛ በሽተኛ አልላኩለትም፤ ሐሳቡ ከ20 ዓመት በላይ ተኛ።

በ1923 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱን በዓለ ንግሥ ባየችበት ዓመት፣ ቦስተን ውስጥ ጆን ጊበን የተባለ ወጣት ሐኪም አንዲት ሕመምተኛ አጠገብ ተቀምጦ እንዲያድር ታዘዘ። ሴትዮዋ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር፤ ከዚያ የረጋ ደም ተነሥቶ ሄዶ ሳንባዋን ዘጋው። ጊበን ሌሊቱን ሙሉ የልብ ምቷንና ትንፋሿን ሲመዘግብ አደረ። ደሟ እየጠቆረ፣ የደም ሥሮቿ እየተወጠሩ ሲሄዱ ከማየት በቀር የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። ጠዋት አለቃው ደረቷን በችኮላ ከፍቶ የረጋውን ደም አወጣ፤ አልተረፈችም። ጊበን ያን ሌሊት ያሰበው አንድ ነገር ነው፦ ያን የጠቆረ ደም ከሰውነቷ አውጥቶ፣ ውጭ ላይ ኦክስጅን ሰጥቶ፣ መልሶ ማስገባት ቢቻል ኖሮ! የልብና ሳንባ ማሽን የተፀነሰው እንግዲህ ለልብ ተብሎ አልነበረም፤ መተንፈስ ላቃታት ሴት ተብሎ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ማሽኑ ስሙ የገነነው በልብ ነውና።

ጊበን ከባለቤቱ ከሜሪ ጋር 20 ዓመት ከሞላ ጎደል በዚሁ ላይ ሠራ፤ መጀመሪያ ድመቶች ላይ ሞከሩት። በመካከሉ ጎጃም በወረራ ውስጥ አለፈች፤ አርበኞቿ በዱር ከረሙ፤ ዓለምም ሁለተኛውን ጦርነቷን ተዋጋች። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ቤይሊና ድዋይት ሃርከን የሱታርን መንገድ ቀሰቀሱት፤ የሚመታውን ልብ ሳያቆሙ የጠበበውን ሚትራል ማስፋት እንደገና ተጀመረ። ሚያዝያ 28 ቀን 1945 ዓ.ም. ደግሞ ጊበን ፊላዴልፊያ ውስጥ የአንዲት የ18 ዓመት ልጅ ልብ ከፍቶ በላይኞቹ ክፍሎች መካከል ያለውን ቀዳዳ ሰፋ። ለ26 ደቂቃ ልቧም ሳንባዋም ሥራ ፈትተው ማሽኑ ሁለቱን ተካ። ልጅቱ ዳነች። ቀጥለው የመጡት ግን ሞቱ፤ ጊበንም ማሽኑን ለሌሎች ትቶ ከዚህ ሥራ ራቀ። ሚኔሶታ ውስጥ ጆን ከርክሊንና ዋልተን ሊለሃይ፣ በየፊናቸው፣ ተቀበሉት።

ከጊበን ቀዶ ሕክምና አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኮፐንሃገን ላይ የሆነውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1952 በከተማዋ ፖሊዮ ገባ። የመተንፈሻ ጡንቻቸው የሰለለ ሕፃናትና ወጣቶች ብሌግዳም ሆስፒታልን ሞሉት፤ እንዲህ ከሆኑት ከ10 ከ8 በላይ ይሞቱ ነበር። ብዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም ጉሮሯቸው ላይ ቀዳዳ አበጅቶ በላስቲክ ከረጢት አየር መግፋት አለብን አለ። የሚገፋ ማሽን አልነበረም፤ ስለዚህ 1,500 ያህል ተማሪዎች በተራ እየተፈራረቁ፣ ቀንና ሌሊት፣ ከረጢቱን በእጃቸው ጨመቁ። ሞቱ ከግማሽ በታች ወረደ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ከዚህ ነው፤ የልብ ቀዶ ሕክምና ያለዚህ ክፍል አንድ ሌሊት አያድርም። ከመሣሪያው በፊት የነበረው ያልተኛ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

እኛ ዘንድ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች እየሠለጠኑ ወደ አውራጃዎች ተላኩ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ገደማ አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ትምህርት ቤት ተጨመረ። በጎጃም ገጠር ፔኒሲሊን የምትባል መርፌ የታወቀችው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ስለ ልብ ማሽን የሚያልም አልነበረም፤ ነገር ግን የጉሮሮን ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን የገደለ ጤና መኮንን፣ ሳያውቀው፣ አንድ የልብ ቀዶ ሕክምና አስቀርቷል።

ማሽኑ በሠለጠነበት አገር ግን አዲስ መከራ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሐኪሞች ልብን አክመው ይዘጋሉ፤ ልቡ በደንብ ይመታል፤ በሽተኛው ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መታፈን ይጀምራል። ራጅ ሲነሣ በጥቁር መታየት የነበረበት ሳንባ ነጭ ሆኖ ይገኛል። የሞተው ሲመረመር ሳንባው ከብዶ፣ ውኃና ደም አዝሎ፣ ጉበት መስሎ ይገኛል። ሐኪሞቹ «የፓምፕ ሳንባ» አሉት። ስም ሰጡት እንጂ ምክንያቱን አላገኙትም ነበር።

ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም አንድ አይደለም። ደም ከተፈጥሮ ሥሩ ወጥቶ ፕላስቲክና ብረት ሲነካ ጠላት የነካው ይመስለዋል። ኮምፕልመንት የሚባሉት የመከላከያ ፕሮቲኖች ይቀጣጠላሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቆጣሉ፤ ማሽኑ ቆሞ ደሙ ወደ ሳንባ ሲመለስ እነዚያ የተቆጡ ሕዋሳት ቀጫጭኑ የሳንባ ደም ሥር ውስጥ ተጣብቀው ግድግዳውን ያቃጥሉታል። ግድግዳው ሲያፈስ ውኃው ወደ አየር ከረጢቶቹ ይገባል። ይህን ነገር በግልጽ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያው ከርክሊንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ በማሽኑ ላይ ረጅም ጊዜ የቆየ ሰው ኮምፕልመንቱ ይበልጥ እንደሚነሣ፣ ከዚያም ሳንባው፣ ኩላሊቱና ልቡ የመጎዳት ዕድላቸው እንደሚጨምር ጻፉ።

በዚህ ላይ ሌላው ይደረባል። ማሽኑ ሲሠራ ሳንባ ስለማይነፋ ታችኛው ክፍሉ ይሟሽሻል። ልብን ለማቀዝቀዝ የሚፈስሰው በረዶ በአጠገቡ የሚያልፈውን የድያፍራም ነርቭ ይጎዳና የአንድ ወገን ድያፍራም ለሳምንታት ሊሰንፍ ይችላል። የተሰጠው የሰው ደም ራሱ አልፎ አልፎ ሳንባን ያስቆጣል። መሐል ደረቱ በመጋዝ የተከፈተ ሰው ሕመሙን ፈርቶ በጥልቀት አይተነፍስም፣ አይስልም፤ ያልወጣ አክታ ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣል። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከሁለት ቀን በላይ የቆየ በሽተኛ ሌላ ምች ይጠብቀዋል፤ ቱቦው ራሱ ለተሕዋሱ መንገድ ነው። እናም የሚትራል በሽተኛው ከመነሻውም ለዓመታት በደም ግፊት የተጎዳ ሳንባ ይዞ ነው ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው። ቀዶ ሐኪሙ በሩን ሲከፍትለት ሳንባው በአንድ ቀን ይቅር አይልም። ከባዱ የሳንባ መቆጣት የሚደርሰው ከመቶ በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው፤ በደረሰበት ላይ ግን ከልቡ በሽታ ይልቅ የሚገድለው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ዴንቨር ላይ አሽባው፣ ቢግሎው፣ ፔቲና ሌቪን የተባሉ ሐኪሞች በመተንፈሻ መሣሪያ ከታከሙ 272 በሽተኞች መካከል 12ቱን ለይተው ጻፉ። አንዱ በመኪና አደጋ፣ አንዱ በቫይረስ ምች፣ ሌላው በቆሽት መቆጣት የመጣ ነው፤ ምክንያታቸው የተለያየ፣ ሳንባቸው ግን አንድ ዓይነት ነበር፦ የጠጠረ፣ ያበጠ፣ ኦክስጅን ቢሰጡትም ደምን የማያቀላ። 7ቱ ሞቱ። ሐኪሞቹ ያዩት የጠቀመ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ትንፋሽ ሲወጣ ከረጢቶቹ ጨርሰው እንዳይዘጉ ትንሽ ግፊት ማስቀረት። የፓምፕ ሳንባም በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ተመደበ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አሜሪካውያን የከፍታ ከተማ ይሏታል። ደብረ ማርቆስ ከእሷ በ800 ሜትር ያህል ትበልጣለች።

ከፍታው ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አልፎ ነው የተቀመጠችው፤ በዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ጤነኛ ሳንባ ይህን አይሰማውም። በውኃ የተሞላ ሳንባ ግን ሩቡ ከየት እንደጎደለ ያውቃል። በሌላ ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ከስሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ላይ ከሚኖሩ ሰዎች፣ ያልጠበቁትን ነገር አገኙ፤ የደማቸው ኦክስጅንም ሄሞግሎቢናቸውም ቆላ ካለ ሰው ብዙ አይለይም ነበር። የአንዲስ ሰዎች ደማቸውን አወፍረው፣ የቲቤት ሰዎች ዝቅተኛ ኦክስጅን ችለው ይኖራሉ፤ የአማራ ደገኛ ሦስተኛ መንገድ ይዞ ተገኘ። ይህን ስናገር ደስ ይለኛል፤ ይሁን እንጂ የቆሰለ ሳንባን የሚያድን ጸጋ ነው ብሎ የሚተማመን ካለ ተሳስቷል።

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1989 የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን አቋቋሙ። አገር ውስጥ ልብ የሚከፈትበት ቦታ አልነበረም፤ ሥራው ልጆችን ወደ ውጭ መላክ ነበር። ውጭ የሚቀበል ሆስፒታል መፈለግ፣ ፓስፖርት ማውጣት፣ ትኬት መለመን፣ ቋንቋ የማያውቅ ልጅ ብቻውን ወይም ከማያውቀው ሰው ጋር አውሮፕላን ላይ ማውጣት ማለት ነው። ከጎጃም ገጠር የመጣ ልጅ አባይን ተሻግሮ የማያውቅ ሆኖ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባሕር ይሻገራል።

እ.ኤ.አ. በ1995 እስራኤል፣ ሆሎን ውስጥ፣ አሚ ኮኸን የተባለውን የልብ ቀዶ ሐኪም ከኢትዮጵያ አንድ ሐኪም ስለ ሁለት ሕፃናት ልብ ጠየቀው። ከዚያ ጥያቄ «የሕፃንን ልብ አድን» የተባለው ድርጅት ተወለደ፤ ከብዙ አገር የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናትን አክሟል። ኮኸን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ኪሊማንጃሮን ሲወጣ በከፍታ ሕመም ሞተ። ኦክስጅን ለልጆች ልብ ሲያካፍል የኖረ ሰው በኦክስጅን እጦት ማለፉ እስካሁን ይገርመኛል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪሟን ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን አጥታ ነበር። በእስር ላይ ሳሉ በልብ ሕመም ተዳክመው ለሕክምና ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ያረፉት ፊላዴልፊያ ነው፣ የጊበን ማሽን የመጀመሪያውን ልብ ባዳነባት ከተማ። በአዲስ አበባ የሕክምና ትምህርት ቤትን ከመሠረቱት አንዱ የነበሩት ሰው ለልባቸው አገር ውስጥ መታከሚያ ሳይኖራቸው መሄዳቸው የዘመኑን ልክ ይናገራል።

በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ አባይ በረሃ ላይ አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ ተከፈተ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ሥራ ጀመረ። ብዙ እጅ ያለበት ነው፤ ሼክ መሐመድ አል አሙዲ፣ ከሰር ማግዲ ያቆብ ጋር ስሙ የሚነሣው የእንግሊዙ «ቼን ኦፍ ሆፕ»፣ ሌሎችም። ግብፃዊው ያቆብ በዚያው ዓመት አስዋን ላይ የራሱን የልብ ማዕከል ከፈተ፤ የጎጃም ውኃ ከሚያልፍበት ዳር። የፖለቲካ ሰዎች ስለ ወንዙ በማይስማሙበት ዘመን ሐኪሞች በወንዙ ሁለት ጫፍ ልብ ይከፍቱ ነበር።

ሐኪሞች ከውጭ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት እየመጡ በርካታ ልጆችን ያክሙና ይመለሳሉ። ይህ የብዙ ልጆችን ሕይወት አትርፏል፤ አንድ ድካም ግን አለበት። ልብ የሚጠገነው በሰዓታት ነው፤ ሳንባ የሚታወከው በሁለተኛው፣ በአምስተኛው፣ በአሥረኛው ቀን ነው። አውሮፕላን የሚጠብቀው ቡድን ሳምንታት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሊቆይ የሚችል በሽተኛ ለመምረጥ ያመነታል። የሚቀረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ የመጣው፣ የሳንባው ግፊት የወጣው፣ ማለትም ከሩቅ ገጠር የመጣው ነው። ስለዚህ ተራው የሚጠበቀው በዝርዝር ብቻ አይደለም፤ በሳንባም ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ተራ ይጠብቃሉ ሲባል ሰምተናል፤ ከመጠበቅ ብዛት የማይከፈት ልብ የሚሆነው ስንቱ እንደሆነ ግን ከዝርዝሩ አይታይም። ውሎ አድሮ የኢትዮጵያውያን ቡድን ራሱን ችሎ መሥራት መጀመሩ ትልቁ ለውጥ ነው ብዬ የማምነው ስለዚህ ነው፤ ቀድዶ የሚሄድ ሳይሆን ቀድዶ የሚያድር ሐኪም ተገኘ። አንዳንዱን በሽተኛ ደግሞ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባመጣው ፊኛ ማከም ይቻላል። በእግር ደም ሥር ገብታ ጠባቡ በር ላይ የምትነፋ ፊኛ ናት፤ ደረት አይከፈትም፣ ማሽን የለም፣ ስለዚህ የፓምፕ ሳንባም የለም።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ሥራ ለዓይን ትንሽ ነው። በሽተኛውን ቶሎ ከማሽን ማላቀቅ፣ በማግስቱ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ እንዲስል ማድረግ፣ ጓንት ወይም ፊኛ እንዲነፋ መስጠት። እዚህ ላይ ከአስታማሚ ጋር ግጭት አለ። እናት ልጇን «ተዉት ይረፍ፣ አታድክሙት» ትላለች፤ በእኛ ዘንድ ሕመምተኛን ማክበር ማለት አለመነካካት ነውና። ነርሷ ልጁን ስታስነሣው ጨካኝ ትመስላለች። ያን ጊዜ ጨካኟ ነርስ ትክክል ናት።

ሳንባው ከታወከም በኋላ ቢሆን የሚደረግ ነገር እያደገ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ 861 በሽተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በመሣሪያ የሚገፋውን የትንፋሽ መጠን በግማሽ መቀነስ የሟቾችን ቁጥር ከመቶ 40 ገደማ ወደ 31 አወረደ። ለቆሰለ ሳንባ ብዙ አየር መግፋት በራሱ ቁስል ነበር፤ ለዓመታት በደግነት ስንጎዳ ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፈረንሳዮች ከባድ ሕመምተኛን በሆዱ አስተኝቶ ማቆየት ሞትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳዩ። ይህ መድኃኒት አይጠይቅም፤ ሦስት አራት ሰው፣ ጥንቃቄና ትዕግሥት ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የሠሩ ሐኪሞች የደም ጋዝ መመርመሪያና የመተንፈሻ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል ይህን የሳንባ መቆጣት እንዴት መለየት እንደሚቻል መስፈርት አወጡ፤ ኦክስጅኑን ለመለካት ጣት ላይ የምትሰካው ኦክስሜትር ትበቃለች አሉ። የፍራንክፈርቱንና የፊላዴልፊያውን ያህል ስሙ አይነሣም፤ ለጎጃም ሆስፒታል ግን ከሁሉም የሚቀርበው ይህ የኪጋሊው ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮቪድ አገር ውስጥ ገባ። ቬንትሌተር የሚለው ቃል በአንድ ወር ውስጥ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቶ ገበያ ወረደ፤ በሆድ መተኛትን ገበሬው ሳይቀር ሰማው። ያን ሰሞን በየክልሉ ብዙ ሕሙማን የሞቱት ቬንትሌተር ስላጡ ሳይሆን ቀጥ ያለ፣ የማይቋረጥ ኦክስጅን ስላጡ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲሊንደር በመኪና እስኪመጣ የሚጠበቅበት ሆስፒታል ውስጥ የመተንፈሻ መሣሪያ ጌጥ ነው። ከዚያ ወረርሽኝ የተረፈን ነገር ቢኖር የኦክስጅን ማምረቻዎች፣ ኦክስሜትሮችና እነሱን ማንበብ የለመዱ ነርሶች ናቸው፤ ከልብ ቀዶ ሕክምና ለሚመለሰውም ሰው የሚያገለግሉት እነዚሁ ናቸው።

አዲስ አበባ ታክሞ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለስ ሰው 300 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከጎሐ ጽዮን ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ወደ ደጀን መልሶ ያን ያህል ይወጣል። በረሃው ሙቀቱ ቢያስጨንቅም ከደጋው ይልቅ ኦክስጅን የበዛበት እዚያ ታች ነው፤ ሳንባው ገና ያልጸና ሰው መታፈን የሚሰማው ደጀን ከደረሰ በኋላ ቢሆን አይግረም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል፤ ለቀጠሮ መሄድ ያለበት በቤቱ ይቀራል፣ ሪፈር የተጻፈለት አምቡላንስ ያጣል። የድልድይ መኖር ብቻውን አያሻግርም።

ስለዚህ አሁን ብዙው ሥራ የሚወድቀው በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልና በዙሪያው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ላይ ነው። ደረቱ ላይ የቀዶ ጠባሳ ያለበት ሰው እያሳለና ትንፋሽ አጥሮት ሲመጣ ምች ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ መሸኘት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ምች ሊሆን ይችላል፣ ሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ውኃ ሊሆን ይችላል፣ የልብ ድካም ሊሆን ይችላል፣ ብረት ቫልቭ ከተተከለለትና ደም ማቅጠኛውን ካቋረጠ ደግሞ ቫልቩ በረጋ ደም ተይዞ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው በሰዓታት ይገድላል። መቼ ተቀደደ፣ ቫልቩ ምን ዓይነት ነው፣ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ከራጁ መቅደም አለባቸው፤ ኦክስጅኑ ደግሞ ከጥያቄዎቹም ይቀድማል። ቤንዛቲን የምትባለዋ፣ ጉሮሮን ከተሕዋሱ የምትጠብቀው የወር የፔኒሲሊን መርፌም ልቡ ስለተጠገነ አትቀርም፤ ብዙ ቤተሰብ «ድኗልኮ» ብሎ የሚያቋርጣት እዚህ ላይ ነው። ጉሮሮው እንደገና ከታመመ የተጠገነው በር እንደገና ይጠብባል፤ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ለሳንባ ይከብዳል።